የኮምፒውተርን አንጎል በጥፍር ልክ ያደረገው ሮበርት ኖይስ

ፍኖተ ሰላም፦ ማረሻ ሲያልቅ ገበሬው ሞፈሩንና ቀንበሩን አውጥቶ አይጥልም። ባለእጅ ዘንድ ሄዶ አዲስ ማረሻ ያስቀጠቅጣል፤ ከእርፉ ጫፍ ያስገባዋል፤ በማግሥቱም ከማሳው ላይ ይገኛል። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በሚዘረጋው የበቆሎና የበርበሬ ሀገር፣ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። በጽሕፈት ቤቶች፣ በትምህርት ቤቶችና በፎቶ ኮፒ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ የሚያንቀላፉት አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮችም በዚሁ መንገድ ሊታደሱ እንደሚችሉ ግን ሁሉም አያውቅም። ሳጥኑ፣ ስክሪኑና ኪቦርዱ ባሉበት ይቆያሉ። ባለሙያው ክዳኑን ይከፍታል፤ ማቀዝቀዣውን ያነሣል፤ ትንሽዋን የብረት መቆለፊያ አላቅቆ አሮጌውን ፕሮሰሰር ያወጣል፤ በምትኩም ፈጣኑን ያስገባል።

ይህ የሚቻለው የማሽኑ አንጎል በሁለት ጣት የሚያዝ ነገር በመኾኑ ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች ሙሉ አዳራሽ የሚይዙ ነበሩ፤ አንጎላቸውም በሺህ የሚቆጠሩ ክፍሎች በሽቦና በብየዳ የተያያዙበት ስለነበር ይህ ነው ብሎ ነቅሎ ማውጣት የማይታሰብ ነበር። ያን ሁሉ ክፍልና ሽቦ በአንዲት የሲሊከን ቅንጣት ላይ ማስፈር የሚቻልበትን መንገድ ከቀየሱት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ሮበርት ኖይስ ነው። ዛሬ በአብዛኞቹ ዴስክቶፖች ውስጥ የሚገኙትን ፕሮሰሰሮች የሠራውን ኢንቴል ኩባንያንም ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር። ከሞተ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ኾኖታል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮበርት ኖርተን ኖይስ ዲሴምበር 12 ቀን 1927 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት በርሊንግተን ከተማ ተወለደ። አዮዋ የበቆሎና የዐሣማ ሀገር ናት፤ ዐሣማው ካልኾነ በቀር ለጃቢ ጠህናን ሰው እንግዳ የምትኾን አትመስልም። አባቱ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስለነበር ቤተሰቡ የአባትን የአገልግሎት ቦታ እየተከተለ ከአንዱ የአዮዋ ከተማ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ቆይቶ በመጨረሻ ግሪኔል በምትባል ትንሽ የኮሌጅ ከተማ ረጋ። ከአራት ወንድማማቾች ሦስተኛው የነበረው ሮበርት እጁ የማያርፍ ልጅ ነበር። በ1940 ክረምት፣ ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከታላቅ ወንድሙ ከጌይሎርድ ጋር ኾኖ ሞተር የሌላት ተንሸራታች አውሮፕላን ሠራ፤ እርሷኑ ይዞም ከኮሌጁ በረት ጣሪያ ላይ ዘለለ። ሳይሰበር መሬት ደረሰ። እንዲህ ያለው ድፍረት በኋላ ዘመን ሀብትም መከራም አምጥቶለታል።

የመጀመሪያውን መከራ ያመጣችው አንዲት የዐሣማ ግልገል ናት። ኖይስ በግሪኔል ኮሌጅ ፊዚክስና ሒሳብ ሲያጠና በ1948 የመኝታ ክፍል ጓደኞቹ የሐዋይ ደሴቶችን ባህል የሚያሳይ ግብዣ አሰናዱ። ለግብዣው የሚጠበስ ዐሣማ አስፈለገ፤ ያንን የማምጣቱ ዕጣ በኖይስና በአንድ ጓደኛው ላይ ወደቀ። ሁለቱ በሌሊት ወደ አንድ እርሻ ገብተው 11 ኪሎ ግራም የምትኾን ግልገል ሰረቁ። በማግሥቱ ሕሊናቸው ስላላስቻላቸው ወደ ባለ እርሻው ሄደው ጥፋታቸውን ተናገሩ፤ ዋጋዋንም እንክፈል አሉ። ባለ እርሻው ግን የከተማዋ ከንቲባ ኾነው ተገኙ። ነገሩ በዋዛ የሚታለፍ አልነበረም፤ በአዮዋ ሕግ የቤት እንስሳ መስረቅ እስር የሚያስከትል ከባድ ወንጀል ነበር። የሰው ኑሮ በከብቱ ላይ በተመሠረተበት ሀገር ሕጉ እንዲህ መጥበቁ አያስገርምም፤ እዚህስ ቢኾን በሬ የጠፋበት ገበሬ የሌባውን ዕድሜና ትምህርት መች ይጠይቃል?

ኖይስን ከመባረር ያዳነው የፊዚክስ መምህሩ ግራንት ጌል ነው። ጌል ይህን ልጅ ማጣት ለኮሌጁም ለሀገሩም ጉዳት መኾኑን ለአስተዳደሩ አስረዳ፤ ነገሩ በሽምግልና ተይዞም ወጣቱ ለአንድ መንፈቀ ዓመት ብቻ ከትምህርት ታገደ። ያን ጊዜ በኒው ዮርክ አንድ የሕይወት መድን ድርጅት ውስጥ ቁጥር ሲደምርና ሲቀንስ አሳለፈው። በ1949 ተመልሶ ከጓደኞቹ ጋር በጊዜው ተመረቀ።

ጌል ለተማሪው ያደረገለት ሌላም ውለታ አለ። በ1947 መጨረሻ በቤል ላብራቶሪ ትራንዚስተር የሚባል ነገር ተፈለሰፈ፤ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ የነበረው ጆን ባርዲን የጌል ትውውቅ ነበር። ጌል ስለ አዲሱ ግኝት የሚገልጹ ጽሑፎችን አስመጥቶ ለተማሪዎቹ አስተማረ። በዚያን ጊዜ በታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች እንኳ ትራንዚስተር በቅጡ አይታወቅም ነበር። ትራንዚስተር በመስኖ ቦይ አፍ ላይ እንደሚደረግ መክፈቻ ነው ማለት ይቻላል። ቦዩ ሲከፈት ውኃ ያልፋል፤ ሲዘጋ ይቆማል። ትራንዚስተርም ውኃውን በኤሌክትሪክ ተክቶ ያንኑ ያደርጋል፤ የሚከፍተውና የሚዘጋው ግን የሰው እጅ ሳይኾን ሌላ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኀይል ነው። የተከፈተው እንደ አንድ፣ የተዘጋው እንደ ዜሮ ይቆጠራል። ኮምፒውተር የሚያስበው ሁሉ የእነዚህ መክፈቻዎች መከፈትና መዘጋት ነው፤ ፈጣን ፕሮሰሰር ማለትም ብዙ መክፈቻ ያለው፣ በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚከፍትና የሚዘጋ ማለት ነው።

ኖይስ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የዶክትሬት ዲግሪውን በ1953 አገኘ። ከዚያ ፊልኮ በተባለ ኩባንያ ለጥቂት ዓመታት ሠራ። በ1956 ከትራንዚስተር ፈልሳፊዎች አንዱ የኾነው ዊልያም ሾክሌይ በካሊፎርኒያ አዲስ ላብራቶሪ ሲከፍት ኖይስን ጠራው። ኖይስ ካሊፎርኒያ በደረሰበት ቀን ስለ ሥራው ከመነጋገሩ በፊት የሚኖርበትን ቤት ገዛ ተብሎ ይነገራል። ይህን ያህል በራሱ ይተማመን ነበር።

ሾክሌይ በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማትን ከባልደረቦቹ ጋር ተጋራ። ዕውቀቱ የሚያጠያይቅ አልነበረም፤ ሰው ማስተዳደር ግን አልተሰጠውም። ሠራተኞቹን ይጠራጠር ነበር፤ በውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ላስመርምራችሁ እስከ ማለት ደረሰ። በ1957 ሰባት ወጣት ባለሙያዎች ጥለውት ለመሄድ ተስማሙ። የሚመራቸው ሰው እንደሌላቸው ግን ያውቁ ነበርና ኖይስን ለመኑት። ኖይስ አመነታ፤ ሾክሌይ ያከበረው ሰው ነበር። በመጨረሻ ስምንተኛ ኾኖ ተቀላቀላቸው። በአሜሪካ የቴክኖሎጂ ታሪክ ስምንቱ ከሃዲዎች ተብለው የሚጠሩት እነዚህ ናቸው። በሼርማን ፌርቻይልድ ኩባንያ ገንዘብ ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተርን አቋቋሙ። ያ የፍራፍሬ እርሻ የነበረ ሸለቆ ከእነርሱ ጀምሮ መልኩን ለወጠ፤ ዛሬ ሲሊከን ቫሊ ይባላል።

በዚያን ዘመን ትራንዚስተር የሚሠሩ ፋብሪካዎች በአንድ ስስ የሲሊከን ቂጣ ላይ በርካታ ትራንዚስተሮችን አንድ ላይ ያወጡ ነበር። ከዚያ ቂጣውን ቆራርጠው እያንዳንዱን ይለያሉ፤ እያንዳንዱን በየመያዣው ያሽጋሉ፤ ገዢው ደግሞ መልሶ በሽቦ ያያይዛቸዋል። ጤፍን ወቅቶና አበጥሮ፣ ፍሬውን አንድ በአንድ ለቅሞ እንደገና በክር እንደ መስፋት ያለ ሥራ ነበር። የማያያዣው ብዛት በጨመረ ቁጥር አንዱ ሲላቀቅ መላው ማሽን ይቆማል። ለጠፈር መንኮራኩርና ለሚሳኤል የሚኾን ኮምፒውተር የሚፈልጉ መሐንዲሶች ሁሉ የተጋጩት ከዚህ ግንብ ጋር ነው።

መፍትሔው ከአንድ ሰው አልመጣም፤ ይህን ማለቱ የኖይስን ክብር አይቀንስም። ከስምንቱ አንዱ የነበረው ዣን ኸርኒ በሲሊከን ላይ የሚፈጠረውን ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ሌሎች እንደ ቆሻሻ አጥበው ሲጥሉት፣ እርሱ ሳይነካ ቢተወው ትራንዚስተሩን ከብክለት እንደሚጠብቅለት አስተዋለ። ኖይስ የኸርኒን ሐሳብ አንድ እርምጃ ወሰደው። ሽፋኑ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ከኾነ በላዩ ላይ ስስ የአሉሚኒየም መስመር ማተም፣ በሚፈለግበት ቦታ ብቻ ቀዳዳ ከፍቶ ከታች ካሉት ክፍሎች ጋር ማገናኘት ይቻላል። ያኔ ቂጣውን ቆራርጦ መልሶ መስፋት አያስፈልግም፤ ሁሉም እዚያው እንደተወለደ ይያያዛል። ሐሳቡን ጃንዋሪ 23 ቀን 1959 በላብራቶሪ መዝገቡ ላይ አሰፈረው፤ በጁላይ የባለቤትነት ማመልከቻ አስገባ፤ ማረጋገጫውን ኤፕሪል 25 ቀን 1961 አገኘ። በ1960 ደግሞ በጄይ ላስት የሚመራ የባልደረቦቹ ቡድን የሚሠራውን ቺፕ እውን አደረገው።

በሌላ በኩል በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያ ጃክ ኪልቢ የተባለ መሐንዲስ ከኖይስ ወራት ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር 1958፣ ብዙ ክፍሎችን በአንድ የጀርማኒየም ቁራጭ ላይ ሠርቶ አሳይቶ ነበር። የእርሱ ክፍሎች ግን በእጅ በተለጠፉ ቀጫጭን ሽቦዎች የተያያዙ ስለነበሩ በብዛት ለማምረት አይመቹም። ሁለቱ ኩባንያዎች ለዓመታት ተካሰሱ። በ1966 አንዱ የሌላውን መብት እንዲጠቀም ተስማሙ፤ ክርክሩ ግን እስከ 1969 ቀጥሎ ፍርድ ቤቱ በማያያዣው ጉዳይ ለኖይስ ፈረደ። ሁለቱ ሰዎች በግል ተጣልተው አያውቁም፤ ሁለቱም የፈጣሪነቱን ስም ተጋርተው ኖሩ። የድሬፐር የምሕንድስና ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥም የተሰጠው ለሁለቱ በአንድነት ነው።

ኖይስ የፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተር ዋና ሥራ አስኪያጅ ኾኖ ያደረገው አንድ ነገር ከፈጠራው የማይተናነስ ነው። ገዢዎች አዲሱን ቺፕ በጥርጣሬ ሲያዩት፣ ለማምረት ከወጣበት ወጪ በታች አድርጎ እንዲሸጥ ወሰነ። ሰው ከገዛው በብዛት ይመረታል፤ በብዛት ከተመረተ ወጪው ይወርዳል ብሎ አሰበ፤ እንዳሰበውም ኾነ። የጨረቃው አፖሎ መንኮራኩር መሪ ኮምፒውተር በእነዚህ ቺፖች የተሠራ ነው። ከጨረቃ ይልቅ ለገጠር ጽሕፈት ቤት የሚጠቅመው ግን የዋጋው መውረድ ነው። ፕሮሰሰር ዛሬ በኪስ ተይዞ የሚመጣ ርካሽ ዕቃ የኾነው በዚያ ውሳኔ በተጀመረው መንገድ ነው።

በ1968 የእናት ኩባንያው የበላይ ሥራ አስፈጻሚነት ወንበር ባዶ ሲኾን ለኖይስ አልተሰጠም። ተቀይሞ ይኹን ሰልችቶት፣ ከጓደኛው ከጎርደን ሙር ጋር ወጥቶ ጁላይ 18 ቀን 1968 ኢንቴልን መሠረተ። አርተር ሮክ የተባለው የገንዘብ ሰው 2 ሚሊዮን 500 ሺህ ዶላር አሰባሰበላቸው፤ ለባለሀብቶች የቀረበው ዕቅድ ከአንድ ገጽ ብዙም ያልበለጠ ነበር። ዐሣማ በመስረቁ ሊባረር የነበረበት ግሪኔል ኮሌጅም ከመጀመሪያዎቹ ባለ አክሲዮኖች መካከል ነበር። ኖይስ በዚያን ጊዜ የኮሌጁ የባለአደራ ቦርድ አባል ነበርና ዕድሉን ከፈተለት፤ አክሲዮኑም ለትንሿ ኮሌጅ ትልቅ ሀብት አስገኘ። ዕዳው ተከፈለ ቢባል ያስኬዳል።

ኢንቴል የተነሣው ፕሮሰሰር ሊሠራ አልነበረም፤ የማስታወሻ ቺፕ ሊሠራ እንጂ። በ1969 ቢዚኮም የተባለ የጃፓን ኩባንያ ለሒሳብ ማሽኖቹ የሚኾኑ በርካታ ልዩ ልዩ ቺፖችን አዘዘ። ትእዛዙን የያዘው ቴድ ሆፍ የተባለ ወጣት መሐንዲስ ነገሩ አልጣመውም። ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ቺፕ ከመሥራት ይልቅ ማንኛውንም ትእዛዝ ተቀብሎ የሚፈጽም አንድ አጠቃላይ አንጎል ሠርቶ፣ የሥራውን ዓይነት በፕሮግራም መለወጥ ይሻላል አለ። ለአንድ ገና ለተቋቋመ ኩባንያ ከደንበኛው ትእዛዝ መውጣት አደገኛ ነበር። ኖይስ ግን ሆፍን ቀጥልበት አለው።

ሐሳቡን በሲሊከን ላይ እውን ያደረገው ጣሊያናዊው ፌዴሪኮ ፋጂን ነው፤ ስታንሊ ሜዞርና ከጃፓኑ ኩባንያ የመጣው ማሳቶሺ ሺማም ድርሻቸው ከፍ ያለ ነበር። 4004 የተባለው ፕሮሰሰር 2 ሺህ 300 ትራንዚስተሮችና 16 እግሮች ነበሩት፤ ቅንጣቷ ከትንሽ ጣት ጥፍር አትበልጥም። የባለቤትነት መብቱ ግን በውሉ መሠረት የጃፓኑ ኩባንያ ነበር። ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረውና ዋጋ ይቀነስልኝ ሲል ኢንቴል አጋጣሚውን ተጠቀመበት፤ 60 ሺህ ዶላር መልሶ ፕሮሰሰሩን ለሌሎች የመሸጥ መብት ወሰደ። ኖቬምበር 15 ቀን 1971 ለገበያ ይፋ ኾነ። በቴክኖሎጂ ታሪክ ውስጥ በ60 ሺህ ዶላር የዚህን ያህል ነገር የገዛ ማን ይኖር ይኾን?

አሮጌ ኮምፒውተርን በማደስ ረገድ ወሳኙ እርምጃ ይህ ነው። የማሽኑ ማሰቢያ በአንድ ቺፕ ውስጥ ከተሰበሰበ፣ ቺፑም ፕሮግራም የሚቀበል አጠቃላይ አንጎል ከኾነ፣ የቀደመውን ሥራ የሚያውቅ ፈጣን ታናሽ ወንድም ሠርቶ በቦታው መተካት ይቻላል። በ1978 የወጣው 8086 ፕሮሰሰር 29 ሺህ ትራንዚስተሮች ነበሩት፤ የእርሱ ዘመድ የኾነው 8088 በ1981 በአይቢኤም የግል ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ የመጡት የዚህ ወገን ፕሮሰሰሮች ለቀዳሚዎቻቸው የተጻፈውን ፕሮግራም እያነበቡ መጥተዋል። በ8088 ማሽን ሰሌዳ ላይ ደግሞ ለሒሳብ አጋዥ ቺፕ የተተወ ባዶ ሶኬት ነበር፤ ባለቤቱ በኋላ ገዝቶ እንዲሰካበት።

ኖይስ ኢንቴልን እስከ 1975 በዋና ሥራ አስፈጻሚነት መራ፤ ከዚያም ቦታውን ለሙር ለቅቆ እስከ 1979 የቦርድ ሰብሳቢ ኾነ። በመሥሪያ ቤቱ ለአለቃ የተለየ የመኪና ማቆሚያ አልነበረም፤ የእርሱም ጠረጴዛ አሮጌ የብረት ጠረጴዛ ነበር። ወጣት መሐንዲስ ገብቶ ሊሞግተው ይችል ነበር። በሸለቆው ውስጥ አዲስ ኩባንያ ለሚያቋቁሙ ወጣቶች ምክርም ገንዘብም ይሰጥ ስለነበር የሲሊከን ቫሊ ከንቲባ የሚል ቅጽል ወጣለት፤ የአፕሉ ስቲቭ ጆብስም ምክሩን ከሚሹት አንዱ ነበር። የከንቲባን ዐሣማ የሰረቀው ልጅ ከንቲባ ተባለ።

ኾኖም ሰው ነበርና ጉድለት ነበረበት። ሰው ማስቀየም ስለማይወድ የመረረውን ውሳኔ ለሌሎች ይተው ነበር፤ ይህ ልማዱ ኢንቴልን በኋላ የመራውን አንዲ ግሮቭን ያበሳጨው ነበር። የሠራተኞች ማኅበር በኩባንያው ውስጥ እንዲቋቋም አይፈልግም፤ እኩልነቱ እስከዚያ አልደረሰም። ቤቱም አልሰመረም። በ1953 ያገባትና አራት ልጆች የወለደችለት ኤልሳቤጥ ቦተምሊ የካሊፎርኒያን ኑሮ አልወደደችም፤ እርሱም ከቤት ይልቅ ለሥራው፣ ለአውሮፕላን በረራውና ለባሕር ጥልቀት ዋናው ያደላ ነበር። በ1974 ተፋቱ። ኤልሳቤጥ ወደ ሜይን ግዛት ሄዳ የድርሻዋን ሀብት ለበጎ አድራጎት በማዋል ታወቀች፤ እርሱም የኢንቴልን የሰው ኀይል ክፍል የምትመራውን አን ባወርስን አገባ።

በ1980ዎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች የማስታወሻ ቺፕ ገበያውን ሲወስዱ ኢንቴል ከተነሣበት ሥራ ወጥቶ ሙሉ ፊቱን ወደ ፕሮሰሰር አዞረ። የአሜሪካ ቺፕ አምራቾች ከመንግሥት ጋር ኾነው በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ ሴማቴክ የተባለ የጋራ የምርምር ድርጅት ሲያቋቁሙ የሚመራው ሰው ጠፋ። ኖይስ ስድሳ ዓመት አልፎት፣ ሀብቱና ክብሩ ሞልቶለት፣ ጡረታውን ትቶ በ1988 ኀላፊነቱን ተቀበለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ጁን 3 ቀን 1990 እሑድ ጠዋት፣ እንደ ልማዱ በቤቱ ከዋኘ በኋላ ልቡ ቆመ። 62 ዓመቱ ነበር።

ጃክ ኪልቢ በ2000 ለተቀናጀው ቺፕ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ይህ ሽልማት ለሙት አይሰጥም፤ ኪልቢ ግን በሽልማቱ ንግግር የኖይስን ስም ሳያነሣ አላለፈም።

ኖይስ በሞተ በሁለት ዓመቱ ኢንቴል በቀድሞ ኮምፒውተሮች ላይ የሚሰካ ኦቨርድራይቭ የሚባል ማሻሻያ ፕሮሰሰር ለሽያጭ አቀረበ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ኩባንያው ግን በየጥቂት ዓመቱ ሶኬቱን እየለወጠ ብዙውን ማሽን ያለ ጊዜው አስረጅቷል። ማረሻው አዲስ ቢኾንም ከእርፉ ካልገጠመ አያርስም። በ2004 የወጣው፣ 775 የመገናኛ ነጥቦች ያሉት ሶኬት ከዚህ ሁሉ የተሻለ ዕድሜ ነበረው። ፔንቲየም 4ም፣ በ2006 የመጣውና 291 ሚሊዮን ትራንዚስተሮች ያሉት ኮር ቱ ዱዎም፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው ባለ አራት አንጎሉ ኮር ቱ ኳድም የሚሰኩት በዚሁ ሶኬት ላይ ነው። ስለዚህ ፔንቲየም 4 የያዘ ዴስክቶፕ ያለው መሥሪያ ቤት ሌላ ኮምፒውተር ሳይገዛ ወደ ኮር ቱ ዱዎ ሊያልፍ የሚችልበት አጋጣሚ አለ።

ሊችል ይችላል እንጂ ሁልጊዜ አይችልም። ሶኬቱ አንድ ኾኖ ማዘርቦርዱ አዲሱን ፕሮሰሰር የማያውቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀደም ብለው የተሠሩት ሰሌዳዎች ኮር ቱ ዱዎን አይቀበሉም፤ አንዳንዶቹ ደግሞ የሚቀበሉት ባዮስ የሚባለው የመነሻ ፕሮግራማቸው ሲታደስ ብቻ ነው። ገንዘብ ከማውጣት በፊት በማዘርቦርዱ ላይ የተጻፈውን የሞዴል ስም አንብቦ አምራቹ ያወጣውን የሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ማየት ይገባል። በዚህ ሶኬት መርፌ መሰል እግሮቹ ያሉት በፕሮሰሰሩ ላይ ሳይኾን በሰሌዳው ላይ ስለኾነ ከመካከላቸው አንዷ ከተጣመመች የሚበላሸው ፕሮሰሰሩ ሳይኾን ማዘርቦርዱ ነው፤ ጣት ማስገባት አያስፈልግም። በፕሮሰሰሩ ጠርዝ ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ግድፎች ከሶኬቱ ሁለት ጉብታዎች ጋር ሲገጣጠሙ በራሱ ክብደት ይቀመጣል፤ መጫን አይገባም። አሮጌው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ተጠርጎ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ቅባት መሀሉ ላይ ይደረጋል፤ ማቀዝቀዣውም ከአቧራ ይጸዳል። በበጋ የገጠር መንገድ አቧራ በቬንቲሌተሩ ላይ የሚሠራው ሥራ ቀላል አይደለም፤ ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳልና ዘገመ የተባለው ማሽን አንዳንዴ መድኃኒቱ ብሩሽ ብቻ ነው።

ፕሮሰሰር መለወጥ የማይፈታው ዝግመትም አለ። ራሙ አንድ ጊጋባይት ብቻ የኾነ ወይም ሃርድ ዲስኩ ያረጀ ኮምፒውተር አንጎሉ ቢፈጥን ማስታወሻው ይጎትተዋል፤ በእንዲህ ያለው ማሽን መጀመሪያ ራም መጨመር ወይም ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ከሶኬቱ የወጣው አሮጌ ፕሮሰሰርም ቢኾን ለመጣል አይቸኮልም። በካርቶን ቁራጭ ተጠቅልሎ፣ ስሙ ተጽፎበት በመሳቢያ ከተቀመጠ፣ ያው ሶኬት ያለው ሌላ ማሽን አልነሣም ባለ ቀን ጥፋቱ ከፕሮሰሰሩ ይኹን ከሰሌዳው የሚለየው በእርሱ ነው።